ቅቤው፣ ጋቢውና የሮቢት ፀሐይ

ከጣርማበር ዋሻ እስክንወጣ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው አልነበረም። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ተሳፋሪው ነጠላውንና ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ ተኮራምቷል። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት እቅፋቸው ላይ ሁለት ነገር ይዘዋል፤ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤና ገና ውኃ ያልነካው አዲስ ጋቢ። ልጃቸው ሸዋ ሮቢት ወልዳ አራስ ጥየቃ መውረዳቸው ነው።

"የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው፤ ወንድ" አሉኝ ሳልጠይቃቸው። "አገሩ ቆላ ነው ይላሉ። ቢሆንም ሕፃን መቼም ብርድ ይፈራል።"

ከዋሻው ማዶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ጣርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ከትከሻ ወረደ፤ አርማንያ ላይ መስኮቱ ተከፈተ፤ ሮቢት ስንገባ ሕዝቡ በሸሚዝና በስስ ነጠላ ነበር። ከመኪናው እንደወረድን ወበቁ ፊታችን ላይ እንደ ምድጃ እንፋሎት መጣ። አዛውንቷ ቅቤያቸውን ዳበስ አደረጉት፤ ቀልጦ ቅጠሉን ማራስ ጀምሯል።

ወደ ሮቢት የወረድኩት ስለ ሕፃናት ቆዳ ለመጻፍ መሆኑን ስነግራቸው "እንግዲያው ነይ፣ የኔን ልጅ እይው" አሉኝ። አራስ ቤት በባዶ እጅ አይገባም ብዬ ስኳር ገዛሁና ተከተልኳቸው።

ሕፃኑ የ19 ቀን ልጅ ነው። ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ በሚንቋቋ ክፍል ውስጥ ሹራብ፣ ካልሲና ኮፍያ ለብሶ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አያት ስመው አልጠገቡም፤ መርቀው ሲጨርሱ ያመጡትን ጋቢ አጥፈው ደረቡበት። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ተነጫነጨ፤ ከዚያ አለቀሰ። እናቱ ስትፈታው የአንገቱ እጥፋት፣ ብብቱና ጀርባው ጤፍ ፍሬ በሚያካክሉ ሽፍታዎች ተሞልቶ ነበር።

"ከሦስት ቀን ወዲህ ነው እማ። ቅቤ ብቀባው ባሰበት" አለች።

"ምች ነው" አሉ አያት።

ከደጃፍ ቁና ሙሉ ማሾ ስትለቅም የነበረች ጎረቤት ቀና አለች። አምስት ልጆች እዚሁ ያሳደገች፣ የይፋት ቆላ ተወላጅ ሙስሊም እናት ናት። "ምች አይደለም እማማ፣ አይስጉ። ወበቅ ነው። ልብሱን አውልቁለትና ይተንፍስ።"

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። የደጋ ፍቅር አውርዶ ያመጣው ልማድና የቆላ ቆዳ የሚፈልገው ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ፣ ልጁ የትኛውን ይልበስ?

ስስ ግድግዳ

የሕፃን ቆዳ የአዋቂ ቆዳ ታናሽ ወንድም አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ገና ነው። የላይኛው የቆዳ ክፍል ከአዋቂው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ከሁሉ በላይ ያለው፣ ውኃ እንዳይወጣና ተዋሕስያን እንዳይገቡ የሚከለክለው ንጣፍ ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳል። በዚያ ላይ ለኪሎው ሲሰላ የሕፃኑ የቆዳ ስፋት ከአዋቂው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ እኛን የማይነካን አንድ ጣት ቅባት ለእሱ ብዙ ነው፤ ቆዳው ላይ የዋለ ነገር ወደ ሰውነቱ የሚዘልቅበት በርም ሰፊ ነው።

ላብ የሚያመነጩት ዕጢዎች ከልደት ጀምሮ ሁሉም አሉ። ላቡ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቦይ ግን ገና አልጠናም። ሙቀት ሲበረታና ልብስ ሲደራረብ ቦዩ ይደፈናል፤ ላቡ ቆዳው ውስጥ ታምቆ ጥቃቅን ሽፍታ ሆኖ ይወጣል። የሙቀት ሽፍታ የሚባለው ይህ ነው። ቅቤ ሲቀባ ያልተደፈነው ቀዳዳም ይደፈናል። እናቲቱ "ብቀባው ባሰበት" ስትል ልክ ነበረች፤ ዓይኗ ያየውን ማመን ብቻ ነበር የቀራት።

መድኃኒቱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ልብሱን መቀነስ፣ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ አየር የሚገባበት ጥላ ውስጥ ማስተኛት። ሽፍታው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ለሽፍታ እየተባለ የሚነሰነሰው ፓውደር ግን ጥቅሙ ትንሽ፣ አደጋው ትልቅ ነው፤ ብናኙን ሕፃኑ ወደ ሳንባው ይስበዋል።

ደጋው ለምን እንዲህ ያደርጋል?

አያትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ስሕተት ይሆናል። ልማዳቸው የተወለደው ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት አገር ነው። እዚያ የተራቆተ ጨቅላ በአንድ ሌሊት በብርድ ሊሞት ይችላል። ጋቢው እዚያ ሕይወት ነው። ቅቤውም ደረቅ ነፋስ ለሚሰነጥቀው ቆዳ ከለላ ነበር።

ደጋው የራሱ ጣጣ ደግሞ አለው። ሕፃኑን ከዓይንና ከብርድ ለመጠበቅ ሲሉ ከፀሐይም ይሸሽጉታል። ቆዳ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ሲጎድል አጥንት ይለሰልሳል፤ ሪኬትስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና "ላንሴት" ላይ የታተመ ጥናት፣ ሪኬትስ በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ ካልታመሙት በብዙ እጥፍ ጎልቶ እንደሚታይ አሳይቷል። በየጤና ጣቢያው "ልጃችሁን ጠዋት ፀሐይ አሙቁ" የሚለው ምክርም የብዙ እናት ቃል ሆኗል።

ምክሩ ወደ ሮቢት ሲወርድ ግን ሰዓቱን ማስተካከል አለበት። እዚህ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ይከርራል። ፀሐይ ገና ለጋ ሳለች ለጥቂት ደቂቃ፣ ፊቱን ከልሎ ማሞቅ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጥላ ነው። ጎረቤቲቱ እንዳለችኝ "የኛ ልጅ ማለዳ ፀሐይ ይስማል፣ ቀን ጥላ ይጠባል።"

ሮቢት ያለችበት ይፋት ደጋና ቆላ ሲገናኙ የኖሩበት ምድር ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ድረስ በቆየው የይፋት ሱልጣኔት ዘመን ነጋዴው ከአፋር ሜዳ ወደ ከፍታው፣ ከከፍታው ወደ ሜዳው ሲመላለስበት ኖሯል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ዛሬም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ከእህሉና ከከብቱ ጋር የልጅ አስተዳደግም ይዋዋሳሉ። ለዚህ ነው መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ የማያስፈልገው፤ የቆላው እውቀት ደጃፍ ላይ ማሾ እየለቀመ ነበር።

ስለ ቅቤና ስለ ዘይት

ቅቤ ልጅ ላይ የሚውለው ለቆዳ ብቻ አይደለም። እርግብግቢቱ ላይ ይቀመጣል፤ እትብቱ ላይ ይቀባል፤ አንዳንድ ቤት ገና ጡት ሳይዝ ይላሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መቅረት አለባቸው። እትብት የተቆረጠበት ቦታ ገና ያልደረቀ ቁስል ነው፤ ንጽሕናው ያልታወቀ ነገር ሲነካው መንጋጋ ቆልፍንና ደም መመረዝን ሊያስገባ ይችላል። ጡት ያልያዘ ሕፃን ደግሞ የመጀመሪያው ምግቡ የእናቱ እንገር ነው እንጂ ቅቤ አይደለም።

በቆዳ ላይስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ጊዜው ሞልቶ በጤና ለተወለደ ሕፃን በየቀኑ ቅባት መቀባትን አይመክርም። በእንግሊዝ ከ1300 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናትም፣ በመጀመሪያው ዓመት በየቀኑ ማለስለሻ መቀባት ችፌን እንዳልከላከለ አሳይቷል። ጤነኛ ቆዳ ሥራውን ያውቃል።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ግን ሌላ ናቸው። እነሱ ግድግዳው ሳይመረግ የተወለዱ ናቸው። በባንግላዴሽ ዳካ በተደረጉ ጥናቶች የሱፍ አበባ ዘይት የተቀቡ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በደም ኢንፌክሽን የመያዛቸው ዕድል ቀንሷል። ለእነዚህ ሕፃናት ዘይት መቀባት ሊታሰብበት እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይፈቅዳል፤ በሐኪም ምክር ይሁን።

ለእነሱ ከሁሉ የሚበልጠው ቅባት ግን የእናት ደረት ነው። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳየ ካሴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት፣ ክብደታቸው አነስተኛ ሆኖ የተወለዱና ወዲያው ገላ ለገላ በእናታቸው ደረት ላይ የታቀፉ ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ይልቅ በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው ጎልቶ የተሻለ ነበር። የእናት ቆዳ ሙቀቱን ራሱ ይመጥናል፤ እዚህ ሮቢትም ቢሆን።

ሳፋው

በማግስቱ ማለዳ እናትና አያት ልጁን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ነርሷ የሙቀት ሽፍታ መሆኑን አይታ ካረጋገጠች በኋላ አንድም ቅባት አላዘዘችም። "ዛሬ ማታ እንዴት እንደምታጥቢው ላሳይሽ" ብላ እጇን ታጠበች።

እንግዲህ የነርሷን እጅ ልከተል። ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ አራት ጣት አይሞላም። በክርኗ ነካችው፤ አልሞቀም፣ አልቀዘቀዘም። መጀመሪያ ዓይኖቹን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ከአፍንጫ ወደ ውጭ ጠረገች፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የጨርቁን ሌላ ጠርዝ። ከዚያ ፊቱን፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከዚያ አንገቱን። እዚህ ላይ ቆም አለች። የጨቅላ አንገት የሌለ ይመስላል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል። በሁለት ጣቷ አገጩን ቀና ስታደርገው፣ እጥፋቱ ውስጥ የደረቀ ወተትና ላብ ተጋግሮ ታየ። ሽታው ኮምጣጣ ነው። "ሁሉም እዚህ ይረሳል" አለች፤ ሳትፈትግ በውኃ አራሰችና በጣቷ ጠረገችው። ቀጥሎ ብብት፣ የእጅ መዳፍ፣ ብሽሽት፣ የጉልበት ማጠፊያ። መቀመጫው መጨረሻ ነው። ሲያልቅ ፎጣውን በየእጥፋቱ ጠቀም ጠቀም አደረገች እንጂ አላሸችም።

ሳሙና አልነካችም። ልብስ የሚታጠብበት ሳሙና የቆዳውን የተፈጥሮ አሲድነት ያፈርሳል። ሲወለድ ወደ ገለልተኛ የሚጠጋው ቆዳ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ አሲድነት ይወርዳል፤ ይህ ራሱን የቻለ የተዋሕስያን መከላከያ ነው። ሳሙና ካስፈለገም ሽታ የሌለው፣ ለስላሳው፣ በጥቂቱ ብቻ።

ስለ መጀመሪያው ማጠቢያም ነገረቻት፤ ለሚቀጥለው ልጅ። ሕፃን ሲወለድ የሚሸፍነው ነጭ፣ ቅባት መሰል ነገር እድፍ አይደለም። አብዛኛው ውኃ፣ የቀረው ስብና ፕሮቲን የሆነ የቆዳው የመጀመሪያ ልብስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው መታጠቢያ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ ይላል።

አያት ጥያቄ ነበራቸው፤ አርባ ቀኑ ሲደርስ ክርስትና ይነሣል፣ ማተብ ይታሰርለታል። አንገቱ እንዲህ ከሆነ ምን ይደረግ? ነርሷ ማተቡን የሚያስቀር ነገር አልተናገረችም። "ላላ አድርጉት እማማ፣ ሲረጥብ አድርቁት፣ ሲያረጅ በንጹሕ ቀይሩት" አለች። በላብ የራሰ ክር ስስ አንገት ላይ ሲውል እንደ መጋዝ ይሠራል። ክታብ አንገቱ ላይ ለሚታሰርለት ልጅም ያው ነው።

እርጥቡን ማንሣት

በሮቢት ሱቆች ዳይፐር እንደ ልብ አለ፤ የገዛ ሁሉ ግን ከዋጋው የተነሣ ለረጅም ሰዓት ያቆየዋል። በሙቀት የታመቀ ሽንትና ዓይነ ምድር ቆዳውን ያነጣዋል፣ ከዚያ ይልጠዋል። የጥጥ የሽንት ጨርቅ የለመዱ እናቶች እዚህ ላይ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ እርጥቡ ወዲያው ይታወቃል፣ ወዲያው ይቀየራል። ጨርቁ በደንብ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት፤ የሳሙና ትራፊ ራሱ ያቃጥላል። ልጁን በቀን ጥቂት ጊዜ ሰሌን ላይ ያለ ምንም ማስተኛት ከብዙ ቅባት ይበልጣል። የተላጠ ከሆነ ዚንክ ያለበት ቅባት ከእርጥቡ ይጋርደዋል። ሽፍታው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላልና ለእሱ የሚሆን መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ሌላም የቆላ ጉዳይ አለ። ሮቢት ወባ ያለበት አገር ነውና አጎበር አይቀርም፤ አይቅርም። አዲስ አጎበር ግን ከመሰቀሉ በፊት ለአንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይናፈስ፤ ያኔ የሕፃኑን ፊትና ቆዳ አይቆጠቁጠውም። ቢንቢ የነከሰው ልጅ ቦታውን ያካል፣ ጥፍሩ ይቧጭራል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል። ጥፍሩን ማሳጠር ራሱ መድኃኒት ነው።

የኛን ቆዳ ማንበብ

የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ሥዕሎች አብዛኞቹ በነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ናቸው። "ቀይ ሽፍታ" ይላሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን የተቆጣ ቦታ ቀይ ላይመስል ይችላል፤ ይጠቁራል፣ ይወይባል፣ ወይም ሲዳሰስ ብቻ ይሻክራል። ስለዚህ እናት በዓይኗ ብቻ ሳይሆን በመዳፏም ትመርምር። መቀመጫው ላይ የሚታየው ሰማያዊ ግራጫ ነጠብጣብ ድብደባ ወይም በሽታ አይደለም፤ አብሮት የተወለደ ነው፣ በጊዜው ይደበዝዛል። የችፌ ቁጣ ሲያልፍም ቆዳው ነጣ ብሎ ይቆያል። ያ ንጣት በአብዛኛው ራሱ ይመለሳል፤ ብዙ ልጆች የሚጎዱት ግን ይህን ንጣት ለማጥፋት በሚደረገው ሩጫ ነው።

እኔ ራሴ ሮጫለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ጉንጩ ሲሻክር ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቅባት ገዛሁ። በሁለት ቀን ጠፋ። "ተአምር ነው" ብዬ ለወራት ቀባሁት። በኋላ ያየው የቆዳ ሐኪም ብርቱ ስቴሮይድ መሆኑን ነገረኝ። ጉንጩ ሳስቶ ጥቃቅን ደም ሥሮች ይታዩበት ነበር፤ ባቆምኩ ቁጥርም ብሶ ይመለስ ነበር። ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የሕፃን ፊት ላይ እንደ ቫዝሊን ሲውል ግን ግድግዳውን ያፈርሳል። ይህን የምጽፈው ሌላ እናት እንዳትደግመው ነው።

እከክ የቤተሰብ ነው

በ2008 ዓ.ም. ከኤልኒኞ ጋር በመጣው ድርቅ ጊዜ እከክ በአማራ ክልል ተስፋፍቶ ነበር። ቤት ለቤት በተደረገ ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው 379 ሺህ ያህሉ ተይዘው ተገኙ። ውኃ ሲጠፋ፣ ሰው በአንድ ጣራ ሲጨናነቅ፣ ልብስና አንሶላ በጋራ ሲሆን እከክን የምታመጣው ጥቃቅን ተባይ ከቆዳ ወደ ቆዳ ትሸጋገራለች። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በግጭት በደረሰው ጥፋት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በተጠለሉበት ሁሉ ይህ ሥጋት አብሯቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እከክን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

በአዋቂ ላይ እከክ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ይታወቃል። በሕፃን ላይ ግን መዳፍና ውስጥ እግር፣ ራስ ቅልና ፊት ድረስ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የሙቀት ሽፍታ ተብሎ የሚታለፈውም ለዚህ ነው። ምልክቱ ሌሊት የሚብስ ማሳከክና ቤት ውስጥ ሌላ የሚያክ ሰው መኖሩ ነው። ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን የድኝ ቅባት ይታዘዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ፐርሜትሪን። ዋናው ነገር ግን ቤተሰቡ በሙሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መቀባቱ ነው። ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ ውኃ ከሌለ በላስቲክ ታስሮ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ተለይታ ከዚያ በላይ አትቆይም።

መቼ እንሂድ?

ትኩሳት ያለው ሕፃን፣ ጡት እንቢ ያለ፣ የተዝለፈለፈ፣ ሽፍታው መግል የያዘ ወይም ውኃ የቋጠረ፣ የእትብቱ ዙሪያ ያበጠ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ የሆነ፣ እግሩ አብጦ ቆዳው እንደ ቀለም የሚላጥ ልጅ አይጠበቅም። ትኩሳት፣ ሳልና የዓይን መቅላት ከሽፍታ ጋር ከመጡ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዚህ ነው ደጃፍ ድረስ የሚመጡት። ከአቅም በላይ ለሆነው ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና አዲስ አበባ ያለው የአለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆዩ ናቸው።

ጋቢው

በሦስተኛው ቀን ማታ ልሰናበታቸው ሄድኩ። ፀሐዩ በርዶ የሮቢ ወንዝ ነፋስ ይነፍሳል። ልጁ ደጃፍ ላይ፣ ሰሌን ላይ በተነጠፈ አሮጌ ነጠላ፣ በአንድ ስስ ሸሚዝ ብቻ ተንጋልሎ እግሩን ያወናጭፋል። አንገቱ ላይ ያለው ሽፍታ ሊጠፋ ተቃርቧል። ጎረቤቲቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ በሰፌድ ታራግብለታለች።

አያት ከውስጥ ገንፎ ይዘው ወጡ። መካከሉ ላይ ያለው ቅቤ ያ ከጣርማበር ማዶ ያመጡት ነው። "ብዪ፣ ጡት የሚሆነው በአንቺ በኩል ሲሄድ ነው" አሉና ለልጃቸው አቀረቡላት። ጋቢውስ ብዬ ጠየቅኳቸው። አጥፈው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል።

"ዓመቱን ሲደፍን እኔ ቤት ይመጣል አይደል? ጣርማበር ዋሻው ሥር ስትደርሱ ታለብሱታላችሁ" አሉ። "ከዚያ በፊት አያሻውም። እዚህ አገሩ ራሱ አልብሶታል።"